ለጠፋ ውል የተጻፈ፣ ለጠፋ ፍርድ ያልተጻፈ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚነቀፈው ብዙ ጊዜ ባዕድ ነው እየተባለ ነው። ያረቀቁት ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ናቸውና ነቀፌታው ከመሬት የተነሣ አይደለም። የመሬትና የቤት ክርክር ይዞ ለሚያነበው ሰው ግን ጎልቶ የሚታየው ጉድለት ሌላ ነው፤ ሕጉ መዝገቡን በወጉ የሚጠብቅ መንግሥት አለ ብሎ ያምናል።

ከመልካሙ ልጀምር። ቁጥር 2003 በጽሑፍ መደረግ ያለበትን ውል በምስክር ማስረዳት ይከለክልና፣ ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ግን በሩን ይከፍታል። ዳኛው በቅድሚያ ሰነዱ ነበረ ወይ፣ ጠፍቷልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ምን ይል እንደነበር የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ተራ ከተዛባ “ጠፋብኝ” ያለ ሁሉ ሦስት ምስክር አቁሞ የሰው ቤት ይወስዳል። ቁጥብና ጠንካራ ድንጋጌ ነው፤ ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ በሌለበት አገር ብዙ ሸክም ተሸክሟል።

ሕጉ የደከመው መዝገብ ላይ ነው። ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ጽፎ ሲያበቃ፣ በቁጥር 3363 ቀኑ በትእዛዝ እስኪወሰን አይሠራበትም አለ። እጅግ የተደከመበት ክፍል ገና ሲወለድ ተኛ። ለባለቤትነት ክርክር የቀረው ዋና ምርኩዝ ቁጥር 1195 ነው፦ አስተዳደሩ የሰጠው ካርታ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል።

የጠፋው ውል ሳይሆን ፍርድ ሲሆንስ? በአባቱ ጊዜ የተረታ ወገን ልጅ ያንኑ ይዞታ እንደገና ይከሳል። ተከሳሹ በፍርድ ያለቀ ጉዳይ ነው ብሎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 5 መቃወሚያ ያነሣል፤ ማኅተሙ የደበዘዘ የአውራጃ ፍርድ ቤት ግልባጭም ያያይዛል። ከሳሽ ግልባጩን ይክዳል። ፍርድ ቤቱ ዋናው መዝገብ ይቅረብ ይላል፤ ከመዝገብ ቤት ግን “ተፈልጎ አልተገኘም” የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አልተጻፈም። የጠፋ መዝገብ እንዴት እንደገና እንደሚቋቋም የሚናገር ምዕራፍ የለውም፤ ቁጥር 145 የሌላ ፍርድ ቤት መዝገብ ለማስቀረብ ይረዳል፣ ግን መዝገቡ ካለ ነው። በአዋጅ 31/1967 የመሬት ክርክር የዳኙት የገበሬ ማኅበራት ፍርድ ሸንጎዎችማ ራሳቸው ፈርሰዋል። በሰሜኑ ጦርነት የተዘረፉት ፍርድ ቤቶች ደግሞ ይህን ችግር የጥንት ሰዎች ብቻ እንዳይሆን አድርገውታል።

ክፍተቱን የሚሞላው የዳኛው ትጋት ነው። ትጉህ ዳኛ የይግባኙ መዝገብ እንዲፈለግ ያዛል፤ ይግባኝ ሲባል የተነቀፈው ፍርድ ግልባጭ አብሮ ስለሚቀርብ በታች የጠፋው በላይ ይገኛል። የአፈጻጸም መዝገቡንም ያያል። ያልተጋው “ማስረጃ አልቀረበም” ብሎ መቃወሚያውን ይጥልና ያለቀው ክርክር ከሀ ይጀምራል፤ ያኔ የመሰከሩት ሽማግሎች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም።

እኔ እንደምለው መፍትሔው እዚያው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ነበር። ቁጥር 1196 ካርታውን ለማስተባበል የፈለገ ሰው ራሱ እንዲያስረዳ ሸክሙን ጥሎበታል። ማኅተም ያለበት የፍርድ ግልባጭ ከካርታ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። መዝገቡን የጣለው ባለመብቱ አይደለም፤ ሐሰተኛ ነው የሚል ካለ ሐሰቱን ያሳይ። አስመሳይ ግልባጭ ይበዛል የሚል ስጋት ይነሣል፣ ተገቢም ነው። ለዚያ ግን የቁጥር 2003 ጥንቃቄ ይበቃል፦ ባለግልባጩ መዝገቡ በእርግጥ ተከፍቶ እንደነበር በቁጥሩ፣ በመጥሪያው ወይም ዳኝነት በተከፈለበት ደረሰኝ ያሳይ። አዋጅ 818/2006 የከተማ ይዞታን፣ አዋጅ 1324/2016 ደግሞ የገጠሩን መሬት ጉዳይ እንደ አዲስ ሲደነግጉ ትኩረታቸው ከፊት በሚመዘገበው መብት ላይ ነው፤ ትናንት ተፈርዶ የጠፋውን ይዞ የሚመጣው ሰው ዛሬም ዕጣው በደረሰበት ችሎት ዳኛ እጅ ነው።