ሴማንቲክ ዌብና የአገራችን የትምህርት መረጃ፤ በቀፊራ ገበያ ምሳሌነት የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በመረብ ላይ የሚቀመጠው ጽሑፍ፣ ሥዕልና ድምፅ ከዕለት ወደ ዕለት በበዛ መጠን፣ የሚፈለገውን ከማይፈለገው፣ የታመነውን ካልታመነው መለየት ለመምህሩም ለተማሪውም አድካሚ ሥራ ሆኗል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ሴማንቲክ ዌብ፣ ማለትም ትርጉም ያዘለ መረብ የሚባለው ነው። ሐሳቡን ለብዙው አንባቢ ያስተዋወቁት ቲም በርነርስ ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ በ2001 እ.ኤ.አ. በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ነበር። የተስፋቸው ፍሬ ነገር፣ ኮምፒውተር የጽሑፍን ፊደል ከማሳየት አልፎ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሚናገር ለይቶ እንዲሠራበት ማድረግ ይቻላል የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሴማንቲክ ዌብን አሠራር በዝርዝር ማስተማር አይደለም። ዓላማው ይህ ዘዴ መረጃን በማደራጀት፣ በማረጋገጥና በመፈለግ ረገድ ለአገራችን ትምህርት ምን ሊፈይድ እንደሚችልና ምን ሊያጎድል እንደሚችል መመዘን ነው። ለሚዛን የተመረጠው በድሬዳዋ ከተማ የሚገኘው የቀፊራ ገበያ ነው። ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ከባቡር ጣቢያው ጋር በፕላን የተቆረቆረው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ይገኛሉ። በመጋላ በኩል፣ በቅስት በሮቹ በሚታወቀው በቀፊራ፣ የኦሮሞ ገበሬ፣ የሶማሌና የአፋር አርብቶ አደር፣ የአማራና የዐረብ ነጋዴ ሲገበያዩ ኖረዋል። በስም፣ በዘመን አቆጣጠርና በመስፈሪያ ረገድ የመረጃ ሥራችንን የሚፈታተነው ችግር ሁሉ በዚህ ስፍራ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ በቀፊራ ያልሠራ ዘዴ በሌላውም የአገራችን ክፍል ይሠራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ስለ ማደራጀት

የሴማንቲክ ዌብ መሠረት በ1999 እ.ኤ.አ. ደረጃው የጸደቀው አር.ዲ.ኤፍ. የተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ማንኛውም ዕውቀት ሦስት ክፍል ባለው አጭር ዓረፍተ ነገር ይገለጻል። የሰዋስው መምህራን ባለቤት፣ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉትን ለሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። «ቀፊራ በድሬዳዋ ይገኛል» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቀፊራ ገበያ ነው» ማለት ሌላ ነው። እንዲህ ያሉ ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ሲያያዙ መረብ ይሆናሉ።

የዚህ አሠራር ትልቁ በጎነት ስምን ከነገሩ መለየቱ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር የማይለወጥ መለያ ይሰጠዋል፤ ስሞቹ በዚያ መለያ ላይ ይንጠለጠላሉ። ይህ ለእኛ ቀላል ጥቅም አይደለም። ገበያው በአንዱ ጽሑፍ «ቀፊራ»፣ በሌላው «ከፊራ» ተብሎ ይጻፋል። ከተማዋም «ድሬዳዋ»፣ «ድሬ ዳዋ»፣ «ድሬደዋ» ትባላለች፤ ሶማልኛ ተናጋሪው ደግሞ «ዲሪዳባ» ይላታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስኮስ የተባለው ደረጃ በእያንዳንዱ ቋንቋ ለአንድ ነገር አንድ ተመራጭ ስምና የፈለጉትን ያህል አማራጭ ስሞች መመዝገብን ይፈቅዳል። ስለዚህ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ዐማርኛውና ሐረሪው አንዱ የሌላው ትርጉም ሳይሆን እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ባለሙሉ መብት ስም ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

ሁለተኛው በጎነት ዝምድናን በዘመን መወሰን መቻሉ ነው። ድሬዳዋ ቀድሞ በሐረርጌ ሥር ትተዳደር ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ የከተማ አስተዳደር ሆናለች። በመደርደሪያ ሥርዓት የቀድሞው መዝገብ «ሐረርጌ» በሚለው፣ የዛሬው «ድሬዳዋ» በሚለው ሥር ተለያይተው ይቀራሉ። በሴማንቲክ ዌብ ግን ሁለቱም ወደ አንድ መለያ ሊመሩ ይችላሉ።

ይሁንና መመደብ ምንጊዜም አቋም መያዝ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። የምሥራቅ ኢትዮጵያ የንግድ ሰብል የሆነውን ጫትን እንውሰድ። ጫት በአገራችን በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል፣ ወደ ውጭም ይላካል፤ ብሪታንያ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለከሉ ዕፆች ተራ አስገብታዋለች። ከውጭ የተዘጋጀ የምድብ ዝርዝር እንዳለ ቢወሰድ፣ ስለ ድሬዳዋ ንግድ የተዘጋጀ የጂኦግራፊ ትምህርት ከአደንዛዥ ዕፅ ምድብ ገብቶ ከተማሪው ዓይን ሊሰወር ይችላል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጉድለቱ ምድቡን ማን አወጣው የሚለውን ሳይጠይቁ መቀበሉ ላይ ነው።

ስለ ማረጋገጥ

የዚህ ሂስ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በሴማንቲክ ዌብ መረጃን ለመፈተሽ በ2017 እ.ኤ.አ. ሻክል የተባለ ደረጃ ጸድቋል። ሻክል እያንዳንዱ መዝገብ ሊያሟላ የሚገባውን ቅርጽ ይደነግጋል፤ ለምሳሌ «እያንዳንዱ ክስተት አንድ ዓመተ ምሕረት ይኑረው፣ እርሱም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይሁን» ሊል ይችላል። ያላሟላውን ለይቶ ያወጣል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ብዙዎች «ተረጋገጠ» የሚለውን ቃል «እውነት ነው» ከሚለው ጋር ሲያምታቱት ይታያል። ሻክል የሚያረጋግጠው ቅርጽን ነው እንጂ እውነትን አይደለም።

ይህን በአንድ አሳዛኝ ክስተት ማሳየት ይቻላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ በወንዙ ዳርና ዳር የነበሩ መኖሪያዎችንና የንግድ ቦታዎችን ጠራርጎ ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም አለቁ። ይህ ሌሊት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኦገስት 5 ለ6፣ 2006 ነው። በሴማንቲክ ዌብ የሚሠራባቸው የተለመዱት የቀን ዓይነቶች የጎርጎርዮስን አቆጣጠር መሠረት ያደረጉ ናቸው። እንግዲህ አንዱ መዝጋቢ ከዐማርኛ ሰነድ «1998» ብሎ እንዳለ ቢያስገባ፣ ሥርዓቱ ጎርፉን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሁለተኛው ከእንግሊዝኛ ዘገባ «2006» ብሎ ቢያስገባ ልክ ይሆናል። ሦስተኛው ያንኑ «2006» የአገራችን አቆጣጠር መስሎት ቢለውጠው 2014 ያደርገዋል። ሦስቱም ባለ አራት አኃዝ ናቸው፤ ሦስቱም ፈተናውን ያልፋሉ። አንዱ ጎርፍ ሦስት ጎርፍ ይሆናል። የደቻቱን ጎርፍ ታሪክ ለማጥናት የተነሣ ተማሪም ወንዙ በየስምንት ዓመቱ አደጋ ያደርሳል የሚል፣ በመረጃ የተደገፈ የሚመስል ሐሰተኛ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። በጎርፍ ለምትጠቃ ከተማ ይህ የፈተና ነጥብ ማጣት ብቻ አይደለም፤ መቼ መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚወስን ዕውቀት መበላሸት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ችግር መፍትሔ የለውም ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጊዜ መግለጫ ደረጃ ከጎርጎርዮስ ሌላ የሆኑ አቆጣጠሮችን ለመግለጽ በር ከፍቷል። ሆኖም በሩ መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ የመረጃ ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው በዚያ በር እንዲገባ መታዘዝ አለበት።

ተመሳሳይ ጉድለት በሰው ስምም ላይ ይታያል። ብዙ የመረጃ ቅጾች የግል ስምና የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። የእኛ ልማድ ግን የራስንና የአባትን ስም መጥራት ነው። የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲገባ አባትና ልጅ የተለያየ ቤተሰብ ተወላጆች ይመስላሉ፤ አባታቸው ስመ ሞክሼ የሆኑ ሁለት ባዕዳን ደግሞ ዘመዳሞች ይሆናሉ። ቅጹ በትክክል ተሞልቷል፤ ዝምድናው ግን ፈርሷል።

የገበያ ዋጋም እንዲሁ ነው። በገበያዎቻችን ሸቀጥ በኪሎ ብቻ ሳይሆን በጣሳ፣ በመደብና በእስርም ይሸጣል። «በርበሬ፣ ይህን ያህል ብር» የሚል መዝገብ የመስፈሪያው ዓይነት ካልተጻፈበት ቁጥር እንጂ ዋጋ አይደለም። ለሒሳብ ትምህርት ምሳሌ ከቀፊራ የሚወስድ መምህር ይህን ያውቃል፤ ማሽኑ ግን ካልነገሩት አያውቅም።

ስለ መፈለግ

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ቦታውን አግኝቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። ይሁን እንጂ የፊደሉ ቦታ ማግኘት ፍለጋን አላቀናም። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በንባብ አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ልዩ ልዩ ናቸው። «ሐረር» ብሎ የፈለገ «ሀረር» ተብሎ የተጻፈውን ሊያጣ ይችላል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስፓርክል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ቃልን ሳይሆን ዝምድናን ለመጠየቅ ያስችላል። «በድሬዳዋ የሚገኙ ገበያዎች የትኞቹ ናቸው» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስሙ በየትኛውም ሆሄ ቢጻፍ መለያው እስከተያያዘ ድረስ ቀፊራ ይገኛል። ይህ በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ያልተያያዘው አይገኝም። ገበያተኛ ዕቃው ያለበትን መደዳ ባያውቅ ጠይቆ ይደርሳል፤ የተጠየቀውም ሰው ያላለውን ጭምር ይረዳለታል። በመረብ ላይ ግን ያልተመዘገበ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል። በዚህም የተነሣ አስቀድሞ በብዛት የተጻፈበት ቋንቋ ይበልጥ ይገኛል፤ በጥቂቱ የተጻፈበት ይበልጥ ይሰወራል።

አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄን በቀጥታ ስለሚመልስ እንዲህ ያለ ድካም አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ክርክሩ በመጀመሪያ እይታ ጥንካሬ ያለው ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚመልሰው ካነበበው ተነሥቶ ነው። በአንደበተ ርቱዕነት የቀረበ የተሳሳተ ዓመት፣ በደረቅ ሠንጠረዥ ከሰፈረ የተሳሳተ ዓመት ይልቅ ለተማሪ አሳሳች ነው፤ ምንጩን ተከትሎ ማረም ያዳግታልና። ስለዚህ ምንጩ የታወቀና በሥርዓት የተያያዘ መረጃ አስፈላጊነቱ አልቀነሰም።

ከእኛው ቅርስ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ሁሉ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና ጽሑፎች በእንዲህ ያለ ዘዴ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ ድርሰት የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ልዩ ልዩ ርእሶቹን፣ ቅጂዎቹንና የሚገኙባቸውን ስፍራዎች ከዚያ ቁጥር ጋር ያያይዛል። ከእርሱም በፊት፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ለእያንዳንዱ ብራና ቁጥር ሰጥቶ ነበር፤ እነ ጌታቸው ኃይሌ በዚያ መሠረት ያዘጋጁት ካታሎግ ዛሬም ተመራማሪዎች ብራናን ለመጥቀስ ይገለገሉበታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሃምቡርጉ ሥራ የታቀደው ለ25 ዓመት ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግእዝን የተማሩ፣ አንድን ርእስ ከሌላው የሚለዩ ሊቃውንት ናቸው። ኮምፒውተሩ የእነርሱን ፍርድ ያከማቻል፣ ያሠራጫል፤ አይተካውም። የብራና መዝገብ ይህን ያህል ትዕግሥትና ባለሙያ ከጠየቀ፣ የገበያ፣ የወንዝና የከተማ መዝገብ በአንድ ዓመት በሚገዛ ፕሮግራም ይጠናቀቃል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

ማጠቃለያ

ሴማንቲክ ዌብ ለአገራችን ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ስምን ከነገሩ ይለያል፣ ቋንቋዎችን በእኩልነት ያስቀምጣል፣ የተለያየውን ያገናኛል። ድክመቱም እውነተኛ ነው፤ ቅርጹ የተስተካከለ ሐሰትን ከእውነት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ የትምህርት መረጃ ለማደራጀት የሚነሣ ክፍል ከማናቸውም የኮምፒውተር ግዥ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ቢያሟላ ይበጃል። አንደኛ፣ የቦታና የሰው ስሞች በየቋንቋቸው የሚመዘገቡበት፣ የአባት ስም በአባት ስምነቱ የሚታወቅበት ዝርዝር ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቀን በሰነዱ እንደተጻፈው ከነዘመን አቆጣጠሩ ይቀመጥ፤ የተለወጠው ቀን በጎኑ ይጻፍ። መጠንም ያለ መስፈሪያው አይመዝገብ። ሦስተኛ፣ መረጃውን ማን እንዳስገባና ከየት እንዳገኘው ይታወቅ፤ ለዚህም በ2013 እ.ኤ.አ. የጸደቀ የመረጃ ምንጭ መግለጫ ደረጃ አለ።

ከሁሉም በላይ የማረጋገጡ ሥራ ነገሩን ለሚያውቁት ይተው። ስለ ቀፊራ የተጻፈውን የሚያርመው የድሬዳዋ መምህር፣ የገበያው ሰውና ጎርፉን በዓይኑ ያየ ነዋሪ ነው። ማሽኑ የጎደለውን ቦታ ያሳያቸው፤ በቦታው የሚገባውን የሚወስኑት ግን እነርሱ ይሁኑ።