በድንጋይ የቀረ መንገድ፣ በቃል የቆየ ሸለቆ፦ የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ቅርሶች ሂሳዊ ዳሰሳ

በዋዮሚንግ ግዛት ገርንዚ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ የሰሜን ፕላትን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የኦሪገን መንገድ አንድ የአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ ይወጣል። ከ1840ዎቹ አንሥቶ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በበሬና በበቅሎ የሚጎተቱ ሠረገላዎች ሌላ የሚመች መውጫ ስላልነበራቸው ተራ በተራ በዚያው አለፉ። ብረት የተጠመጠመበት መንኮራኩራቸው ለስላሳውን ድንጋይ እየፋቀ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፈረበት። ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ኢንዲፔንደንስ ሮክ የተባለው ትልቅ የግራናይት ድንጋይ ይገኛል፤ መንገደኞቹ ስማቸውንና ያለፉበትን ዓመት ቀርጸውበታል።

መንገዱ ከሚዙሪ ወንዝ ተነሥቶ እስከ ኦሪገን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የአህጉር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ በ1869 እስኪገጣጠም ድረስ፣ ወደ ኦሪገን፣ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ዩታ ያቀኑ ከ300,000 እስከ 400,000 የሚገመቱ ሰዎች ይህንኑ መንገድ በሙሉም ሆነ በከፊል ተጉዘውበታል። በ1978 ኮንግረስ «ብሔራዊ ታሪካዊ መንገድ» የሚባል የሕግ ደረጃ ሲፈጥር፣ መጀመሪያ ከተመዘገቡት አራቱ አንዱ የኦሪገን መንገድ ነበር። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። የተፈለፈለ ድንጋይ፣ የተቀረጸ ስም፣ የዕለት ማስታወሻ ደብተር፣ የመቃብር ምልክት፦ ቅርስ ጠባቂ የሚሻው ሁሉ በዚህ መንገድ ዳርና ዳር ተሟልቶ ይገኛል።

ግን ዱካው የሚነግረን ያለፉትን ሰዎች ብቻ ነው። በአገሩ ለሚኖሩት ለሻያን፣ ለአራፓሆና ለላኮታ ሕዝቦች የሠረገላው ሰልፍ ሌላ ነገር ነበር። የመንገደኛው ከብት የወንዙን ዳር ሣር ጨረሰው፤ በዛፍ አልባው ሜዳ ላይ ብርቅ የነበረው የወንዝ ዳር እንጨት ለማገዶ ተቆረጠ፤ የሕዝቡ ሕይወት የተመሠረተበት የጎሽ መንጋ ከመንገዱ ሸሸ። ኮሌራም አብሮ መጣ። መንግሥት መንገዱን ለማስከበር በ1849 ፎርት ላራሚን ከፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ገዝቶ የጦር ሰፈር አደረገው። በ1851 ደግሞ ከ10,000 በላይ ሰዎች ለድርድር ተሰበሰቡ፤ ምሽጉ አካባቢ ለፈረሶቻቸው የሚበቃ ግጦሽ በመጥፋቱ ጉባኤው ወደ ሆርስ ክሪክ መዛወር ነበረበት። እኔ የዚህን ዘመን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ በላይ የሚመዝንብኝ ይህ ዝርዝር ነው። የሣሩ ጉዳት ካሣ ከሚታሰብባቸው ጉዳዮች አንዱ ሳለ፣ ተደራዳሪዎቹ ራሳቸው በሣር እጦት ቦታ ቀየሩ።

በውሉ መሠረት መንግሥት ለመንገደኞቹ መተላለፊያና ለተፈጠረው ጉዳት በየዓመቱ 50,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ቃል ገባ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን ዘመኑን ወደ 10 ዓመት አሳጠረው። በሰሜን ፕላትና በአርካንሳስ ወንዞች መካከል ያለው ሰፊ ምድር የሻያንና የአራፓሆ መሆኑን ይኸው ውል አውቆ ነበር። በ1858 ከሮኪ ተራሮች ሥር ወርቅ ሲገኝ ያ ሁሉ ተረሳ። በ1861 ጥቂት አለቆች ብቻ የፈረሙበት አዲስ ውል ያን ምድር ወደ ትንሽ ቁራሽ ቀነሰው። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1864፣ ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የመራቸው ወታደሮች በደቡብ ምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ሳንድ ክሪክ ዳር የሰፈሩትን ሻያንና አራፓሆ ጎሕ ሲቀድ ወረሩ። አለቃው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማና ነጭ ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። ወደ 230 ሰዎች ተገደሉ፤ የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው።

ሳንድ ክሪክ ላይ እንደ ገርንዚ ያለ ቦይ አይታይም። ደረቅ ወንዝ፣ ሣርና ጥቂት ዛፎች ናቸው ያሉት። ስለዚህ «ዱካ ስላልነበረው ተዘነጋ» የሚል ማብራሪያ ቶሎ ይመጣል። ይህን ማብራሪያ አልቀበለውም። ማስረጃ አልጠፋም ነበር። ወታደሮቹን እንዳይተኩሱ የከለከለው ካፒቴን ሳይላስ ሶል ያየውን ወዲያው በደብዳቤ ጽፏል፤ ኋላ በተካሄደው ምርመራ ቀርቦም ቃሉን ሰጥቷል፤ በኤፕሪል 1865 ዴንቨር ውስጥ በጥይት ተገደለ። የኮንግረስ ኮሚቴ በዚያው ዓመት ድርጊቱን አወገዘ። ከጥቃቱ የተረፈው ጆርጅ ቤንት፣ የነጭ ነጋዴና የሻያን ሴት ልጅ፣ የሰፈሩን ካርታ ነድፎ ትቷል። ይህ ሁሉ እያለ በ1909 ዴንቨር ምክር ቤት ፊት የቆመው የእርስ በርስ ጦርነት ሐውልት ሳንድ ክሪክን ከኮሎራዶ ወታደሮች ውጊያዎች ጋር ቆጠረው፤ በ1950 በስፍራው የተተከለው ድንጋይም የጦር ሜዳ አለው። የጎደለው ማስረጃ ሳይሆን ፈቃድ ነበር። ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር በ1893 የአሜሪካን ማንነት በጠረፉ ላይ ካለው «ነፃ መሬት» ጋር ካያያዘ በኋላ፣ መሬቱ ነፃ እንዳልነበረ የሚመሰክር ስፍራ በብሔራዊው ትረካ ውስጥ መቀመጫ ማግኘቱ እጅግ ዘገየ።

ኮንግረስ ስፍራውን አጥንቶ እንዲለይ ያዘዘው በ1998 ነው። የተወላጆቹ የቃል ታሪክና የአርኪዮሎጂ ፍለጋው ጎን ለጎን ተካሄዱ፤ ከመሬት የጥይትና የመድፍ ስብርባሪ፣ የማብሰያ ዕቃ ወጣ። ሰፈሩ በትክክል የት ነበር በሚለው ላይ ግን የሻያን ሽማግሌዎችና የቁፋሮው ባለሙያዎች ተለያዩ። መፍትሔው የሚደነቅ ነው፤ ወሰኑ ሁለቱንም ቦታ እንዲያቅፍ ሆኖ ተሠራ። ስፍራውን በቅርስነት የሚያስጠብቀው ሕግ በ2000 ጸደቀ፣ ስፍራው በ2007 ተከፈተ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ በኮንግረስ ሲታይ ከፍተኛ ስሜት የፈጠሩት በዚያው ዓመት ዴንቨር አካባቢ የተገኙት የሶል ደብዳቤዎች ነበሩ። ተወላጆቹ ትውልድ ለትውልድ ሲያስተላልፉ የኖሩትን ነገር አንድ ነጭ መኮንን የጻፈው ወረቀት ሲደግመው ተደማጭነት አገኘ። ለሶል ያለኝ አክብሮት ጥልቅ ነው፤ ክብደቱ በአንድ ወገን እንዲያ ማጋደሉን ግን የቅርስ ጥናት ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም።

በዴንቨርና በኦሮራ ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሳንድ ክሪክ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የመኪና መንገድ ነው፤ የ1909ኙ ሐውልት የነበረበት አደባባይ ደግሞ ከተማቸው መሀል ይገኛል። የሐውልቱ ወታደር በ2020 ተቃውሞ ወቅት ተገርስሷል። በጭፍጨፋው ዘመን አገረ ገዢ በነበረው በጆን ኤቫንስ ስም ይጠራ የነበረው ተራራም በ2023 ብሉ ስካይ ተብሏል።

የቅርስ አስተዳደሩ የሠረገላውን መንገድ በአንድ ሕግ፣ የጭፍጨፋውን ስፍራ በሌላ ሕግ ይዟቸዋል፤ ጎብኚው የመጀመሪያውን እንደ ጀብዱ፣ ሁለተኛውን እንደ ኀዘን ለየብቻ ያነባቸዋል። የሆርስ ክሪክ ውል ግን ሁለቱን አንድ ታሪክ ያደርጋቸዋል። ፎርት ላራሚን የጎበኘ ሰው ቀጥሎ ወደ ሆርስ ክሪክ፣ ከዚያ ወደ ሳንድ ክሪክ፣ ከዚያም ብላክ ኬትል በ1868 በጆርጅ ከስተር ጦር ወደ ተገደለበት ዋሺታ የሚመራው አንድ የጉብኝት መስመር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው አሠራር እንግዳ አይደለም፤ ኔዝ ፐርስ በ1877 በሽሽት የሄዱበት መንገድ በ1986፣ ቼሮኪዎች በግዳጅ የተነዱበት «የእንባ መንገድ» በ1987 በዚያው ሕግ ተመዝግበዋል። የሻያንና የአራፓሆ ተወላጆች በየኖቬምበሩ ከሳንድ ክሪክ እስከ ዴንቨር እየተቀባበሉ የሚሮጡበት፣ የሶልን መቃብር የሚጎበኙበት መንገድ ግን ከብሔራዊዎቹ ታሪካዊ መንገዶች ተርታ የለም። ይግባ ወይስ በእነርሱ እጅ ብቻ ይቆይ የሚለውን መወሰን የሯጮቹ መብት ነው፤ የቅርስ አስተዳደሩ ድርሻ ጥያቄውን ወደ እነርሱ ወስዶ መልሱን መጠበቅ ነው።