ዩሮስታይል፦ የነገው ዘመን ፊደልና የትናንቱ መስኮት

በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቶሪኖ ከተማ የነበረው የኔቢዮሎ የፊደል ማቅለጫ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. «ማይክሮግራማ» የተሰኘ የኅትመት ፊደል አወጣ። ነዳፊዎቹ አሌሳንድሮ ቡቲና አልዶ ኖቫሬዜ ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ኖቫሬዜ ያንኑ መሠረት ይዞ «ዩሮስታይል»ን ሠራ። በሁለቱ መካከል ያለው የዐሥር ዓመት ርቀት የሥልጣኔን መልክ በመያዝና ለሥልጡን ሕይወት የሚያገለግል ሥራ በመሥራት መካከል ያለው ርቀት ነው።

ፊደሉ ወርዱ ሰፊ፣ ጫፉ ከጭረት የጸዳ ነው። የላቲኑ «ኦ» በዚህ ቅርጽ ክብ አይደለም፤ ካሬ ነው ለማለትም ያስቸግራል። ማዕዘኖቹ ተድበልብለዋል፤ ጎኖቹ ወደ ውጭ በጥቂቱ ነፋ ብለዋል። የዚያን ዘመን የቴሌቪዥን መስኮት የሚያስታውስ ሰው ቅርጹን ወዲያው ይለየዋል። የሠዓሊው እጅ የሚታየው በዚህች ጥቂት ንፋት ላይ ነው፤ እርሷን ያስወገደ አስመሳይ (አስመሳዮቹም ብዙ ናቸው) በእጁ የሚቀረው ባዶ ሣጥን ብቻ ነው።

ማይክሮግራማ ትልልቅ ሆሄያትና አኃዞች እንጂ ትንንሾቹ አልነበሩትም። ትልቅና ትንሽ የማይለይ ፊደል ላለው ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጉድለት ላይመስል ይችላል፤ በላቲን ግን ዐረፍተ ነገር በአብዛኛው የሚጻፈው በትንንሾቹ ነው። ማይክሮግራማ ስለዚህ ለርእስና ለመሣሪያ ስም ይሆን ነበር፤ ለአንቀጽ ግን አልበቃም። ያን ሰፊ መስኮት በትንሿ «ኤ» ጠባብ ሆድ ውስጥ ሳይደፈን ማሳደር የኖቫሬዜ እውነተኛ ድካም ነበር።

በ1968 ዓ.ም. ስታንሊ ኩብሪክ ስለ ጠፈር ጉዞ በሠራው «2001» በተሰኘው ፊልም ውስጥ የዩሮስታይል ሰፊና ደማቅ ዓይነት ታየ። ከዚያ ወዲህ የመጪውን ዘመን መርከብ ወይም መሣሪያ ለማሳየት የፈለገ ሁሉ ይህንኑ ፊደል ሲያነሣ ቆይቷል። ክብሩ ግን ጉዳትም አለው። ከዘመኑ የዕለት ተዕለት ዕቃ ጋር የተዛመደው ቅርጽ የነገ የመድረክ ልብስ ሆነ፤ ያ ጎባጣ የቴሌቪዥን መስተዋት ግን ዛሬ ከየቤቱ ወጥቶ በጠፍጣፋ ተተክቷል።

በረጅም ጽሑፍ ላይም ፊደሉ ያደክማል፤ ስፋቱ መስመሩን ይበላል፣ «ኦ»ና ዜሮም በእጅጉ ይቀራረባሉ። የግዕዝን ፊደል በዚሁ ሣጥን ከትተው የቴክኖሎጂ መልክ ለመስጠት የሚሹ ነዳፊዎች የሚጠብቃቸው ችግር ከዚህ ይከፋል። «ዐ»፣ «ወ»ና «ፀ» የሚለያዩት በክባቸው ውስጥ ባለው መስመር ነው፤ ጎኑ ሲወፍር ውስጡ ይደፈናል፣ ከመንገድ ማዶ የሚያነብ ሰውም ሦስቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል።