የወደብ ጥበቃ በፌዴራል ድንጋጌ፤ የምጽዋ ጉዳይ

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ያሳለፈው ቁጥር 390 ውሳኔ፣ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ያገናኘ ሰነድ እንደ መሆኑ፣ በብዙ ሊቃውንት ተተችቷል። ትችቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያተኮረው በዘውዱ ሥልጣንና በራስ ገዝነቱ ላይ ነው። በሦስተኛው አንቀጽ ያለው የወደብ ነገር ከዚህ ያነሰ አይደለም።

አንቀጹ ወደቦችን የሚጠቅሰው ስለ መገናኛ በሚናገርበት ሐረግ ውስጥ ሲሆን ለፌዴራሉ መንግሥት ይሰጣቸዋል፤ የውስጥ ፖሊስን ግን ለኤርትራ መንግሥት ይተዋል። እንግዲህ ከምጽዋ መጋዘን አንድ ጆንያ ቢሰረቅና ሌባው የድልድዩን መንገድ ተሻግሮ ጥዋለት ቢገባ፣ አሳዳጁ ማን ነው? ወደቡ የት አልቆ ከተማው የት እንደሚጀምር ድንጋጌው አይናገርም።

ጉድለቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በኢጣልያ ዘመን፣ ከዚያም ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አስተዳደር፣ ጉምሩክና ፖሊስ በሥልጣን ቢጋጩ ከሁለቱም በላይ አንድ ገዥ ነበረ፤ ነገሩ በአንድ ደብዳቤ ሊያልቅ ይችል ነበር። ከመስከረም 1 ቀን 1945 ዓ.ም. ወዲህ ግን የመሥሪያ ቤቶች ጭቅጭቅ የነበረው ወደ መንግሥታት ክርክር ከፍ አለ።

የአገሩ ታሪክ ለአርቃቂዎቹ ትምህርት በሆናቸው ነበር። ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ደሴቲቱን ቢይዙም፣ የሚጠጣው ውሃ ከየብስ ይመጣ ስለ ነበር፣ ከበለው ወገን የሆነው የሕርጊጎ ናይብ ሳይፈቅድ ደሴቲቱን አጽንቶ መያዝ አስቸጋሪ ነበር። ምጽዋ ያለ ሕርጊጎ ወደብ አይሆንም፤ ዕቃ አውራጁም፣ የሳንቡኩ ባለቤትም፣ ውሃ ቀጂዋም የሚያድሩበት መንደር የወደቡ አካል ነው። መርማሪ ቡድኑ በ1942 ዓ.ም. ኤርትራን ጎብኝቶ ሳለ ሰነዱ ወደብን እንደ መንገድና እንደ ስልክ መቁጠሩ ያስገርማል። (ወደብ ከመገናኛ መመደቡ በሌሎችም ፌዴሬሽኖች የተለመደ ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ልማድ ምክንያት አይደለም።)

ከሁሉ የሚደንቀው አራተኛው አንቀጽ ነው። መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ የሆነ ዕቃ ቀረጡ ለማን እንደሚገባ ለይቶ ወስኗል፤ ይህም ሆኖ በቀረጡ ድርሻ ሁለቱ መንግሥታት ከመከራከር አልዳኑም። ቀረጥ የሚከፈልበትን ዕቃ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ለየትኛው አለቃ እንደሚታዘዝ ግን አንድ ቃል አልተጻፈም። ፌዴሬሽኑ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲፈርስ ጥያቄው ተዘጋ እንጂ አልተመለሰም።