«ገዥ»፣ «አውራ»፣ «ድብቅ»፦ በጠጉር አልባ ውሾች የተፈተኑ ቃላት

የዘር ውርስን የሚመለከቱ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን አስቀድመው የሚያስቸግሩት ሁለት ተቃራኒ ቅጽሎች ናቸው። አንደኛው፣ የዘረመሉ ቅጂ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ባሕርዩ የሚገለጥበትን፣ ሁለተኛው ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይገለጥበትን ሁኔታ ያመለክታሉ። ለፊተኛው «ገዥ» ወይም «አውራ»፣ ለኋለኛው «ተገዥ» ወይም «ድብቅ» ይቀርባሉ። ቃል በቀላል ምሳሌ አይፈተንምና፣ እኛ እነዚህን በጠጉር አልባ ውሾች ውርስ ልንመዝናቸው ወደናል።

የሜክሲኮው ሾሎይትስኩዊንትሊ፣ እንዲሁም የፔሩና የቻይና ጠጉር አልባ ውሾች ራቁት የሆኑት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተገለጸው፣ ፎክስአይ3 በተባለው ዘረመል ላይ በደረሰ አንድ ለውጥ ነው። የተለወጠው ቅጂ ብቻውን ጠጉርን ያስቀራል፤ በዚህ «ገዥ» ይባል ይሆናል። ሁለት ሆኖ ሲወረስ ግን ፅንሱ በማሕፀን ሳለ ይሞታል። እንግዲህ ራቁትነትን በተመለከተ «ገዥ» የተባለው፣ ሞትን በተመለከተ «ተገዥ» ሊባል ነው። ይህ ለውጥ ጥርስንም ያጎድላል፤ የጠጉር አልባ ውሾችን የጥርስ ጉድለት ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ጠቅሶት ነበር። ስሕተቱ ቃሉ ለዘረመሉ ማዕረግ መስጠቱ ላይ ነው፤ ነገሩ ግን ማዕረግ ሳይሆን በቅጂ ብዛትና በአንድ በተወሰነ ባሕርይ መካከል ያለ ዝምድና ነው።

«አውራ» ከዚህም የባሰ ነው። ለእንስሳት አርቢ አውራ ዶሮ፣ አውራ በግ ማለት ወንዱ ነው (የንብ አውራ እንስት መሆኗ ሌላ ጨዋታ ነው)። «ራቁትነት በአውራው ዘረመል ይተላለፋል» ብሎ የሚያነብ ሰው፣ ባሕርዩ ከአባት ብቻ የሚመጣ ቢመስለው በእርሱ አይፈረድም።

«ድብቅ» የተሻለ ይመስላል፤ ብዙ ተርጓሚም ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ሉዊዚያና ከጠጉራም ራት ቴሪየር ወላጆች አንዲት ራቁት ቡችላ ተወለደች፤ የአሜሪካ ጠጉር አልባ ቴሪየር ዘር የመጣው ከእርሷ ነው። የዚህ ዘር ራቁትነት ኤስጂኬ3 ከተባለ ሌላ ዘረመል የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለት ቅጂ ካልተገኘ አይገለጥም፤ ጥርስንም አያጎድልም። ጠጉራሞቹ ወላጆች ባሕርዩን በእርግጥ ደብቀው ይዘውት ነበር። እስከዚህ ቃሉ ያስኬዳል። ይሁን እንጂ ረጅም ጠጉር ራሱ ሁለት ቅጂ የሚሻ ባሕርይ ነው። አንድ ጠጉር አልባ ቴሪየር ሁለቱንም የረጅም ጠጉር ቅጂዎች ቢወርስስ? በራቁት ገላ ላይ ምን ይታያል? ቅጂዎቹ ተሟልተዋል፤ ባሕርዩ ግን አሁንም ተደብቋል። የደበቀው የገዛ አቻው ሳይሆን ሌላ ዘረመል ነው። «ድብቅ» እነዚህን ሁለት መደበቆች በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። የቻይናው ውሻ በራሱ፣ በእግሮቹና በጅራቱ ላይ ጠጉር ስለሚቀርለት፣ የጠጉሩ ርዝመት በዚያ በኩል ብቅ ይላል፤ ታዲያ እዚያ ላይ ግልጥ፣ ገላው ላይ ድብቅ ልንለው ነውን?

እኛ የምንመርጠው ስለ ቁጥር የሚናገር ቃል ነው፦ በአንድ ቅጂ ለሚገለጠው «ነጠላ በቂ»፣ ሁለት ለሚሻው «ጥንድ ፈላጊ»። አንድ ዘረመል የሌላውን ባሕርይ ሲሰውር «ሸፋኝ» ይባል። «ጥንድ ፈላጊ» ረዘም ማለቱን፣ ለስም ሲረባም «ጥንድ ፈላጊነት» ሆኖ አፍ ላይ መክበዱን አንክድም። ነገር ግን «የሾሎ ራቁትነት ነጠላ በቂ፣ ገዳይነቱ ጥንድ ፈላጊ ነው» ሲባል ዐረፍተ ነገሩ አይጋጭም፤ «ገዥ» ይህን ሊሸከም አልቻለም።

«ተሸካሚ» የሚለው ቃል ግን ይቆይ፤ ጥንቃቄው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ሁለት ራቁት ሾሎዎች ሲዳቀሉ በሕይወት ከሚወለዱት በአማካይ ሁለት ራቁት ለአንድ ጠጉራም ይሆናሉ። ያ ጠጉራም ቡችላ የተለወጠውን ቅጂ ጨርሶ አልያዘም፤ ከጠጉራም ጋር ቢዳቀል ራቁት አይወልድም። ከራቁት ወላጅ የተወለደ ጠጉራም ቴሪየር ግን ሁልጊዜ ተሸካሚ ነው። ሁለቱን «ከራቁት የተወለዱ ጠጉራሞች» ብሎ በአንድ የሚተረጉም ሰው ለአርቢው የተሳሳተ ምክር ሰጥቷል።