ፊልሙና ዝርዝሩ፦ በቤተ መጻሕፍት የቴክኖሎጂ ዕቅድ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ቤተ መጻሕፍት መሻሻል በሚወጡ ዕቅዶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠቀሰው የመሣሪያ ብዛት ነው። ስንት ኮምፒዩተር እንደሚገዛ፣ ስንት ታብሌት እንደሚታደል፣ የኢንተርኔት መስመር በስንት ትምህርት ቤት እንደሚዘረጋ በሰንጠረዥ ይሰፍራል። መጽሐፉ በማን ተመርምሮ፣ በምን ስም ተመዝግቦ፣ አንባቢው በምን መንገድ እንደሚያገኘው የሚገልጸው ክፍል ግን፣ ካለም፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አመዛዘን የተዛባ መሆኑን ለማስረዳት ምሳሌው ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ከሃምሳ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ከብራና ወደ ማይክሮፊልም፣ ቀጥሎም ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግረዋል። በሁለቱም ሽግግሮች ጊዜ የሥራውን ዋጋ የወሰነው መሣሪያው አልነበረም። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1969 እና በ1970 መካከል የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ተንቀሳቃሽ የማይክሮፊልም ክፍል ለያኔው የትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር የብራና መጻሕፍትን በፊልም አንሥቶ ነበር። በስፋት የተሠራው ግን ከ1973 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ቤተ ክህነት፣ በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ትብብር የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ሥራውን ጀመረ። አብዮትና ጦርነት በተፈራረቁባቸው ዓመታት ሁሉ ሥራው ቀጥሎ 9000 ያህል ጥራዞች ተነሡ። ብዙዎቹ መጻሕፍት ከገዳማትና ከአድባራት የወጡ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ዛሬ በቦታቸው የማይገኙ መኖራቸው አያጠራጥርም።

ማይክሮፊልም ለዚህ ተግባር የተመረጠው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ፊልሙን ለማንበብ ብርሃንና ማጉያ መነጽር ይበቃሉ፤ ዛሬ የተሠራ ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በኋላ መክፈት አለመክፈቱ የሚያሳስብ አይደለም። ጉድለቱም የታወቀ ነው። ጥቁርና ነጭ በመሆኑ የቀለሙን ልዩነት አደብዝዟል። በግዕዝ ብራና ላይ ቀይ ቀለም ለጌጥ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ ርእስን ከሐተታ ይለያል፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ያከብራል፣ ለአንባቢው ዓይን ማረፊያ ይሆናል። በፊልሙ ላይ ቀዩና ጥቁሩ ወደ አንድ ግራጫ ይጠጋሉ። የቅጠሉ ውፍረት፣ የድጉሱ አሠራር፣ የገበታው እንጨትም በምስሉ የለም። እንግዲህ ቅጂው የመጽሐፉ ምትክ ሳይሆን የመጽሐፉ ምስክር ነው፤ ዋናውን ችላ ለማለት ሰበብ ሊሆን አይገባውም።

ይሁን እንጂ 9000 ጥራዝ በፊልም ተጠቅልሎ በሣጥን ቢደረደር ገና ቤተ መጻሕፍት አይባልም። የብራና መጽሐፍ እንደ ዛሬው የታተመ መጽሐፍ የርእስ ገጽ የለውም። በአንድ ጥራዝ ውስጥ አምስት ስድስት ድርሰት ተከታትሎ ሊገኝ ይችላል፤ በባዶ ቅጠሎችና በኅዳጎች ላይም የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ቈጠራ፣ አንዳንዴም የታሪክ ማስታወሻ ይጻፋል። በድርጅቱ ቁጥር 1832 የተመዘገበው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈ በመሆኑ የተጻፈበት ዘመን በእርግጥ ከሚታወቅ ጥንታውያን የግዕዝ መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ ከወንጌሉ ጋር የገዳሙን የታሪክ ሰነዶችም ይዟል። «ወንጌል» ተብሎ ብቻ ቢመዘገብ የታሪክ መምህሩ በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አይከፍተውም።

ይህን ችግር የፈታው ሰው እንጂ ካሜራ አይደለም። ዊልያም ማኮምበር የጀመረውን ዝርዝር ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ተቀብለው አስፋፉት። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 በአዲስ አበባ በጥይት ቈስለው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ነበር። በ1976 ወደ ኮሌጅቪል ተሻግረው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊልሙን ቅጠል በቅጠል እያነበቡ የያንዳንዱን ጥራዝ ይዘት መዘገቡ። ከ1975 እስከ 1993 በታተሙት 10 ቅጾች ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 5000 ጥራዞች ተዘርዝረዋል። እዚህ ላይ ዕቅድ አውጪ ሊያስተውለው የሚገባ ስሌት አለ፤ አንድን ጥራዝ በፊልም ማንሣት የሰዓታት ሥራ ሲሆን፣ 5000ውን አንብቦ ዝርዝሩን ማውጣት ግን 18 ዓመት ያህል ጠይቋል። የቀሩት በ10ሩ ቅጾች ውስጥ የሉም።

ሁለተኛው ሽግግር በመጣ ጊዜ የዚህ ድካም ጥቅም ይበልጥ ተገለጠ። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት በ2015 በኢንተርኔት የንባብ ክፍል ከፍቶ፣ ወደ ዲጂታል የተለወጡትን ፊልሞች ለተመዘገበ አንባቢ ሁሉ ያለ ክፍያ ማሳየት ጀመረ። አንባቢውን ወደ ምስሉ የሚመራው ያው የጥንቱ ቁጥርና ያው በወረቀት ላይ የተደከመበት መግለጫ ነው።

ነቀፌታ የሚገባውም ከዚሁ ቦታ ነው። የታተመው ዝርዝር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በኢንተርኔት የሚገኘውም መግለጫ በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በላቲን ፊደል የቀረበ ነው። ስለዚህ ተአምረ ማርያምን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ የደብር መምህር መጽሐፉን ለማግኘት በባዕድ ፊደል መጠየቅ አለበት። በብዙ የውጭ ዝርዝሮችም የአባት ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ተቈጥሮ ወደ ፊት ይመጣል፤ ጌታቸውን የፈለገ «ኃይሌ» ብሎ ካልጠየቀ አያገኘውም። ዝርዝሩ በመጀመሪያ የተዘጋጀው ለውጭ ሊቃውንት እንደ ነበረ ግልጽ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ሥራው ከፍ ያለ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚሆነውን ዝርዝር ማዘጋጀት ግን የኮሌጅቪል ግዴታ ነው ማለት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ቴክኒካዊው ምክንያት በአብዛኛው ተወግዷል። የቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ሁሉም የተለመዱ ባይሆኑም ቃሉ 12 መልክ ይኖረዋል። ለኮምፒዩተር እነዚህ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በካርድ ዘመን የነበረው ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አንዱን መርጦ፣ በሌላው ቦታ «ይህን ተመልከት» የሚል ካርድ ያስቀምጥ ነበር። ካርዱ ሲጣል ይህ ልማድ አብሮ ከተጣለ አዲሱ መሣሪያ ከአሮጌው ሣጥን ያነሰ ያውቃል ማለት ነው። ሞክሼ ፊደላትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቈጥር ፕሮግራሙን ማዘዝ ለባለሙያ ከባድ አይደለም፤ ማዘዝ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው በግዢው ኮሚቴ ውስጥ መኖር አለበት እንጂ። በጽሕፈቱ ላይ ግን ማቀላቀል አይገባም፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነውና።

«ሁሉም በኢንተርኔት ይገኛል» የሚለው አነጋገርም መፈተን አለበት። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህል ይዟል፤ ብዙዎቹንም በዲጂታል አንሥቶ በድረ ገጹ አቅርቦ ነበር። በኦክቶበር 2023 ሰርጎ ገቦች የቤተ መጻሕፍቱን ኮምፒዩተሮች ጥሰው ገንዘብ ጠየቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱም አልከፈለም። ዋናው ዝርዝር እንኳ ለአንባቢ የተመለሰው በጃንዋሪ 2024 ሲሆን፣ የብራናዎቹ ምስሎች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይታዩ ቈይተዋል። መጻሕፍቱ በለንደን መደርደሪያ ላይ በደኅና ተቀምጠው ነበር። ያጣቸው ምስሉን ብቻ ተስፋ ያደረገው የጎንደርና የአዲስ አበባ አንባቢ ነው። ቅጂ በአንድ ባለቤት እጅ ብቻ እንዳይቀመጥ፣ በአገር ውስጥም እንዲኖር የሚጠየቀው ለስሜት ሲባል አይደለም።

ለትምህርት ቤቶች ይህ ሁሉ ሩቅ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ግድም የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ የታየው ችግር ከዚሁ የሚቈጠር ነው። ስክሪኑ ተተክሎ፣ መምህሩ ግን ከስክሪኑ ጎን ምን እንደሚሠራ በበቂ አልታሰበም ነበር። አሁንም ለቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ሲመደብ፣ መጻሕፍቱን የሚመዘግበው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሥራ የተረፈ ሰዓት የሚሰጠው መምህር ወይም በምዝገባ ያልሠለጠነ ጸሐፊ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ለዕጩ መምህራን የመጽሐፍ አመዘጋገብ ሊያስተምሩ ይችላሉ፤ አንድ ሴሚስተር እንኳ ለመሠረቱ ይበቃል። የመንግሥት ዕቅድም ለያንዳንዱ መቶ ኮምፒዩተር የሚቈጠር የመዝጋቢ የሥራ መደብና የደመወዝ በጀት በዚያው ሰንጠረዥ፣ በዚያው ረድፍ ሊያሰፍር ይገባል፤ በሌላ ዓመት ዕቅድ ይታያል ተብሎ ከተተወ ግን በኮሌጅቪል 18 ዓመት የፈጀው ሥራ በየትምህርት ቤቱ አንድ ቀንም አይጀመርም።