የጂምኒ 210 ሚሊሜትር

ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2018 ለገበያ ያቀረበው አራተኛው ትውልድ ጂምኒ ከመሬት ያለው ክፍተት 210 ሚሊሜትር ነው። የሱባሩ ፎሬስተር 220 ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው፣ ለቤተሰብ ጉዞ የተሠራው ፎሬስተር ድንጋያማ ዳገት ለመውጣት ከተሠራው ጂምኒ ይበልጣል ማለቱ አይቀርም። እኛም አገር መኪና ሲገዛ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ከፍ ያለ ነው ወይ?» የሚል ነው። ኮረኮንችና ፒስታ ላይ ሲነዳ ለኖረ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ማስከተል አለበት፦ ከፍ ያለው የትኛው ክፍል ነው? በዋና መሐንዲሱ በሂሮዩኪ ዮኔዛዋ መሪነት የተሠራው ይህ ጂምኒ ትልቅ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ጥያቄ በሰጠው መልስ ነው።

ጂምኒ ከፊትም ከኋላም ሙሉ አክስል አለው፤ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው። ዝቅ ብሎ የሚታየው ዲፈረንሻሉ ያለው እዚሁ አክስል ላይ ነው። ሰውና ሻንጣ ሲጫን ሞላው ይታመቃል፣ ቦዲውም ዝቅ ይላል፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማዎቹ ጋር ስለታሰረ ከነበረበት አይወርድም። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በሚንቀሳቀስበት መኪና ላይ ዲፈረንሻሉ የሚታሰረው ከላይ፣ ከቦዲው ጋር ነው። ስለዚህ ጭነት ሲበዛ ወይም መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ክፍተቱ አብሮ ይቀንሳል። ፎሬስተር ባዶውን ቆሞ የተለካለት 220 መንገድ ላይ 220 ሆኖ አይዘልቅም። የጂምኒው 210 ግን ከሞላ ጎደል እንደተለካ ይኖራል።

ከፍታውን ከመኪናው ርዝመት ነጥሎ ማየትም አይቻልም። የባለ ሦስት በሩ ጂምኒ የፊትና የኋላ አክስሎች የሚራራቁት 2,250 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዳገት ሲጀምር ባምፐሩ ሳይነካ የሚገባበት ማዕዘን 37 ዲግሪ፣ ሆዱ ሳይመታ ጉብታ የሚሻገርበት 28፣ ከኋላ የሚወጣበት 49 ዲግሪ ነው። በጃፓን የሚሸጠው ባለ 660 ሲሲው ጂምኒ ከመሬት የሚርቀው 205 ሚሊሜትር ነው፤ ከትልቁ 5 ሚሊሜትር ያንሳል። የፊት መግቢያ ማዕዘኑ ግን 41 ዲግሪ ነው። ዝቅ ያለው መኪና የተሻለ ማዕዘን ያገኘው አፍንጫው አጭር ስለሆነ ነው። ለዓለም ገበያ የተዘጋጀው ሞዴል ሰፋ ያለ ባምፐር ተጨምሮለት 4 ዲግሪ ማጣቱ ያስቆጨኛል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው የጂምኒ ታሪክ ውስጥ ለመልክ ሲባል የተከፈለ እንዲህ ያለ ዋጋ መታረም ነበረበት።

ከዚህ የባሰው በ2023 ሕንድ ውስጥ የተዋወቀው ባለ አምስት በሩ ነው። በአክስሎቹ መካከል 340 ሚሊሜትር ተጨምሮ ርቀቱ 2,590 ሆነ። የመሬት ክፍተቱ ያው 210 ነው፤ ጎማውም ያው ነው። የጉብታ መሻገሪያው ማዕዘን ግን ከ28 ወደ 24 ዲግሪ ወርዷል። በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ክፍተቱን ብቻ የሚያነብ ገዢ ሁለቱን መኪኖች እኩል ያያቸዋል። አጭሩ ጂምኒ በነፃነት የሚያልፈው ጉብታ የረጅሙን ሆድ ሊመታ እንደሚችል የሚያውቀው ቦታው ላይ ሲደርስ ነው።

ብዙ የጂምኒ ባለቤቶች ወደ ጋራዥ ወስደው መኪናውን ከፍ ያስደርጉታል። ከሁሉ ርካሹ ዘዴ ቦዲውን ብቻ ማንሳት ነው፤ ቦዲው ሻንሲው ላይ በተቀመጠባቸው 8 ላስቲኮች ላይ ውፍረት ተጨምሮ በረጅም ቡሎን ይታሰራል። 50 ሚሊሜትር ቢጨመር ጣሪያው፣ በሩና መስኮቱ 50 ሚሊሜትር ከፍ ይላሉ። ሻንሲው፣ ካምቢዮው፣ ዲፈረንሻሉ ግን ቅንጣት አይነቃነቁም። የአልጋ ፍራሽ ቢወፍር ከአልጋው ስር ያለው ቦታ አይሰፋም። በዚያ ላይ ሻንሲውንና ቦዲውን የሚያገናኙት የመሪው ዘንግ፣ የነዳጅ መሙያው ቱቦና የፍሬን መስመሮች ላልተለኩበት ርቀት ይወጠራሉ። እውነተኛ ጥቅሙ አንድ ነው፦ ፓራፋንጎው ውስጥ ለትልቅ ጎማ ቦታ ይከፍታል።

ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ከፋብሪካ የመጣው 195/80 በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲሆን ቁመቱ 693 ሚሊሜትር ነው። 215/75 ቢገባ ቁመቱ 704 ገደማ ይደርሳል፤ አክስሉ የሚነሳው በልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም በ5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 235/75 ከገባ 734 ይሆንና 20 ሚሊሜትር ይገኛል። ይህ 20 ሚሊሜትር ግን በነፃ አይገኝም። ማርሹ 6 በመቶ ያህል ይረዝማል፤ 102 የፈረስ ጉልበት ያለው 1.5 ሊትር ሞተር ደግሞ ይህን ዳገት ላይ ያሳያል። ጎማው እንዳይነካ ባምፐሩ ይቆረጣል፣ ሞላውም ይረዝማል። ሞላው ሲረዝም የፊት አክስሉ በያዙት ክንዶች ላይ ስለሚዞር መሪው ወደ መሃል የመመለስ ጠባዩን ያጣል፤ ለዚህ ሌላ ቡሽ ይገባል። ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ከመሃል ስለሚያስወጣ ርዝመቱ መስተካከል አለበት። አንድ ነገር በነካን ቁጥር ዮኔዛዋና ባልደረቦቹ አስማምተው ያስቀመጡት ሌላ ነገር ይናጋል።

በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሜትር ገደማ መሆኑንም መርሳት አይገባም። የመኪናው ቁመት ግን ከ1.7 ሜትር በላይ ነው። የጂምኒ ቀዳሚ የነበረውን ሳሙራይ አሜሪካ ውስጥ በ1988 «ኮንሲዩመር ሪፖርትስ» የተባለው መጽሔት በቀላሉ ይገለበጣል ብሎ ተቀባይነት የለውም ካለ በኋላ፣ ሱዙኪ ከስሶ ጉዳዩ በስምምነት የተዘጋው በ2004 ነው። ማን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር ትቼ፣ ጠባብና ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ላይ ያለ ምክንያት ክብደትን ወደ ላይ መጨመር የሰው ሕይወት የሚነካ ውሳኔ መሆኑን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ።

ሥራው ጉድለት የለውም አልልም። የሾክ መያዣዎቹ ከአክስሉ በታች ተንጠልጥለው ድንጋይ ይጠብቃሉ፤ በጥቂት የብየዳ ለውጥ ከፍ ሊሉ ይችሉ ነበር። ዲፈረንሻል ሎክ ከፋብሪካ አይመጣም፤ በምትኩ የሚሽከረከረውን ጎማ ፍሬን የሚይዝበት ዘዴ ነው ያለው። ጥሩ ይሠራል፣ ግን ጎማው መሽከርከር እስኪጀምር መጠበቅ አለበት።

ለባለ ሦስት በሩ የምመክረው 215/75 ጎማ ብቻ ነው፤ ምንም ማንሳት ሳያስፈልግ ይገባል። ባለ አምስት በሩን ለገዛ ሰው ሒሳቡ ይለያል። ያጣውን 4 ዲግሪ ለመመለስ በግርድፍ ስሌት የሆዱ ዝቅተኛ ቦታ 45 ሚሊሜትር ያህል መነሳት አለበት። ይህን የሚሰጠው በልኩ የተመረጠ ሞላ ከነማስተካከያው ነው፤ በቦዲና በሻንሲ መካከል የሚገባው ላስቲክ ከ45ቱ አንዱንም አይሰጥም።